ዲጂታሉ ይረክሳል ያለው ማነው?

ይውጣልኝ ብዬ ነው የምጽፈው። ነገሩ ስለሚሰበሰቡት የካርድ ጨዋታዎች ነው፣ እንደ ማጂክና ፖክሞን ያሉት፣ በወረቀትም በስልክም የሚጫወቱት። "የወረቀቱ ካርድ ውድ ነው፣ ስልክህ ላይ ተጫወት፣ ነፃ ነው" የሚለው ምክር አንገሽግሾኛል። የሥራ ባልደረባ ይለዋል፣ ጎረቤት ይለዋል፣ ለልጁ ፖክሞን ገዝቶ የተማረረ አባት ሁሉ ይለዋል። እስቲ ሂሳቡን አብረን እናስላው።

በማጂክ ልጀምር፣ የዚህ ሁሉ አባት እሱ ነውና። ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። እዚህ አሜሪካ 14 ካርድ ያለበት አንድ ፓክ (ውስጡ ምን እንዳለ ሳታውቅ የምትገዛው እሽግ) መደበኛ ዋጋው 5 ዶላር ከ49 ሳንቲም ነው። በ2025 በፋይናል ፋንታሲ ቪዲዮ ጌም ላይ የተመሠረተው ስብስብ ሲመጣ ጭራሽ 6 ዶላር ከ99 ገባ። አሬና በሚባለው ዲጂታል ማጂክ ላይ ግን አንድ ፓክ 200 ጄም ነው፣ ጄም ማለት የጨዋታው የውስጥ ገንዘብ ነው። ወደ ዶላር ሲመታ ከ1 ዶላር እስከ 1 ዶላር ከ33 ቢሆን ነው። የካርዱ ቁጥር ቢያንስም ላየው ሰው ርካሽ ነው። ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

ለመሆኑ ዋጋው ለምን በዶላር አይጻፍም? መጀመሪያ ጄም ትገዛለህ፣ ከዚያ በጄሙ ፓክ ትገዛለህ። ጄሙ ደግሞ በፈለግከው ልክ አይሸጥም። በ5 ዶላር 750፣ በ10 ዶላር 1600፣ በ20 ዶላር 3400፣ እንዲህ እያለ በ100 ዶላር 20,000 ይደርሳል። ድራፍት ልጫወት አልክ እንበል። ፓክ ተከፍቶ፣ ካርድ ተመርጦ፣ እዚያው ዴክ (የምትጫወትበት የካርድ ጥቅል) ተሠርቶ የሚገጠምበት ውድድር ነው። ዋናው ድራፍት መግቢያው 1500 ጄም ነው። ስለዚህ የ10 ዶላሩን ትገዛለህ። 100 ጄም ይተርፍሃል። በ100 ጄም ምን ትገዛለህ? ፓክ እንኳን አይገዛም፣ ፓክ 200 ነው። ታክሲ ውስጥ "መልስ የለኝም" የሚለውን ረዳት አስቡት። እሱን እንኳ ከወረድክ በኋላ በር ላይ ቆመህ ብትጠብቀው መልስህን ዘርዝሮ ያመጣልሃል። እዚህ ግን 100ዋ ሂሳብህ ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች፣ ሌላ ጄም እስክትገዛባት ድረስ። ይሄ በአጋጣሚ የሆነ ነው ብሎ የሚያሳምነኝ ሰው የለም።

እውነቱን ለመናገር ዲጂታሉ የሚያሸንፍበትም ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣችው ሸኦልድረድ የምትባለው ካርድ በአንድ ወቅት ከ60 ዶላር በላይ ስትሸጥ ነበር። በአንድ ዴክ አራት ድረስ ይገባል፣ ስለዚህ ከ240 ዶላር በላይ ለአራት ወረቀት። አሬና ላይ ግን አራት ሚቲክ (እጅግ ብርቅ የሚባለው ደረጃ) ዋይልድካርድ 20 ዶላር ነው፤ በዋይልድካርዱ የዚያን ደረጃ ካርድ የፈለግከውን ትመርጣለህ። ለውድድር ብሎ የሚጫወት ሰው ይሄን ቢመርጥ አልፈርድበትም።

እኔን የሚያንገበግበኝ የሌላው ሰው ጉዳይ ነው። ከሥራ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወተው ሰው። እሱ የ60 ዶላር ካርድ አይፈልግም። ሱቅ ሄዶ፣ በየሳጥኑ ከተደረደረው አገላብጦ፣ በ30 እና በ40 ሳንቲም ሬር (ከሚቲክ ዝቅ ያለው ደረጃ) ካርድ ይለቅማል። አሬና ላይ ያቺው ካርድ ፓክ ውስጥ በዕድል ካልወጣችለት ዋይልድካርድ ትበላለች፣ አራት ሬር ዋይልድካርድ ደግሞ 10 ዶላር ነው። የ40 ሳንቲሟ 2 ዶላር ተኩል ገባች ማለት ነው። ሁሉም የሚሻማባትም ማንም ዞር ብሎ የማያያትም ዋጋቸው አንድ ነው። በወረቀቱ ዓለም ግን ኮማንደር ለሚባለው የማጂክ አጨዋወት የተዘጋጀ 100 ካርድ ያለው ዴክ በ45 ዶላር ገደማ ገዝቶ ለዓመታት የሚጫወት ሰው ሞልቷል። ዲጂታሉ ላይ ግን ሁሌ አዲስ እንድትገዛ ትገፋለህ። በ2025 ብቻ የቅርብ ጊዜ ካርዶች ብቻ ለሚገቡበት ለዋናው የስታንዳርድ ጨዋታ ስድስት አዳዲስ ስብስቦች ወጡ። ስድስት! ባለፈው የከፈልክበት ሳይደርቅ የሚቀጥለው ደረሰ።

ሃርትስቶን የሚባለው ሌላው ዲጂታል የካርድ ጨዋታም ያው ነው። አንድ ሌጀንደሪ (ከሁሉም ብርቅ የሆነውን) ካርድ ለመሥራት 1600 ዱቄት፣ ማለትም የጨዋታውን የካርድ መሥሪያ፣ ትከፍላለህ፣ ያንኑ ካርድ ስታፈርሰው 400 ይመልስልሃል። ተራው ካርድ ደግሞ 40 ተከፍሎበት 5 ነው የሚመልሰው። የሚመለሰውም ዱቄት እንጂ ገንዘብ አይደለም። ከዚያ ግቢ አንዲት ሳንቲም ወደ ኪስህ አትመለስም።

ታናሽ ወንድሜ ፍራንክፈርት ነው የሚኖረው። ርቀታችንን የምንረሳው ማታ ማታ አብረን በምንጫወተው ዲጂታል ጨዋታ ነው። እሱ አጥብቆ የሚፈልጋት ካርድ እኔ ጋ አለች፣ ዴኬ ውስጥ እንኳ የማልከታት። ልስጠው አልኩ። አይቻልም። በገንዘቤ የገዛኋት ካርድ፣ ለገዛ ወንድሜ! የደንበኞች አገልግሎት ጋ ጻፍኩ፣ ካርድ ከአካውንት ወደ አካውንት አይተላለፍም የሚል የተዘጋጀ መልስ መጣልኝ። የወረቀት ካርድ ቢሆን በፖስታ እልከው ነበር፣ ወይ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው አስይዘው ነበር። ስጦታ የማይሆን፣ ውሰት የማይሆን፣ የማይሸጥ ነገር እንዴት የኔ ይባላል? የስልኩ የፖክሞን ፖኬት ጨዋታ በጥር 2025 ካርድ መለዋወጥ ሲፈቅድ ደስ ብሎኝ ነበር። ለመለዋወጥ ቶከን ያስፈልጋል፣ ቶከኑን ለማግኘት ደግሞ ሌሎች ካርዶችህን መሠዋት አለብህ ተባለ። ተጫዋቹ ሁሉ ተንጫጫ፣ ያን አሠራር ያነሱት ከወራት በኋላ ነው።

ዲጂታል ጨዋታው ሲዘጋስ? ዱሊስት የሚባለው የካርድ ጨዋታ በ2020 ሰርቨሩ ተዘጋ። ዘ ኤልደር ስክሮልስ ሌጀንድስ በጥር 2025 ተዘጋ። ቫልቭ የሚባለው ኩባንያ የሠራው አርቲፋክት በ2018 ሲወጣ መግቢያው 20 ዶላር ነበር፣ ካርዱም ስቲም በሚባለው የኩባንያው የኢንተርኔት ገበያ ይሸጥና ይገዛ ነበር። በ2021 ሥራው ቆመና ካርዱ ሁሉ ለሁሉም ሰው በነፃ ተለቀቀ። በውድ የሰበሰቡትን ሰዎች አስቧቸው። በ1993 የታተመ የማጂክ ካርድ ግን ዛሬም ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ይጫወቱበታል።

ወረቀቱም ጻድቅ አይደለም። ገና መደርደሪያ ላይ ሳይቀመጥ ጠራርገው ወስደው በሦስት እጥፍ የሚቸበችቡ ሰዎች አሉ። በ2021 ታርጌት የሚባለው የአሜሪካ ትልቅ የሱቅ ድርጅት በካርድ ገዢዎች ጠብ ምክንያት የፖክሞን ካርድ ሱቆቹ ውስጥ መሸጥ አቁሞ ነበር። ልጅ ይዞ ገብቶ ባዶ መደርደሪያ ማየት ያናድዳል፣ አውቃለሁ። ግን እዚያ ቢያንስ የገዛሁት ነገር እጄ ላይ ነው። ከሰለቸኝ እሸጠዋለሁ፣ ግማሹን ቢመልስልኝ እንኳ ግማሽ ነው።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ከጄሙ አጠገብ ዋጋውን በዶላር ጻፉልን። መግቢያው 1500 ከሆነ ልክ 1500 ሽጡልን። ካርዳችንን ለወዳጅ ዘመድ እንስጥበት። ጨዋታውን የምትዘጉ ቀን ደግሞ ለዓመታት የከፈለው ሰው ያለ ሰርቨር ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የሚጫወትበትን ቅጂ ስጡት።