ይድረስ ለክቡር የውስጥ ካቴና ወጣሪ፤ ባሉበት

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከድምፅዎ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በመካከላችን ምስጢር ስለሌለ ነው። ሰባት ወር ሙሉ የነበረንን ጉዳይ ከደብረ ታቦር ገበያ እስከ ጉና ሥር ያለ ሰው ሁሉ ሰምቶታል።

ለማያውቅዎ ሰው ላስተዋውቅዎ። በ150 ሲሲ ሞተሬ ሆድ ውስጥ ፒስቶን የሚያዞረውን የታችኛውን ዘንግ ከላይ ባልቦላ (የአየርና የጭስ በር) ከሚከፍተው ዘንግ ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ካቴና አለ። የታችኛው ሁለቴ ሲዞር የላይኛው አንዴ ይዞራል። ይህ ስምምነት እንዳይፈርስ ካቴናው እንደተወጠረ መኖር አለበት፤ ካቴና ደግሞ ሲያገለግል ይረዝማል። የእርስዎ ሥራ ከሲሊንደሩ ጀርባ በሁለት ብሎን ተይዘው፣ ስፕሪንግ ከኋላ እየገፋዎ፣ ካቴናው በላላ ቁጥር አንድ ጥርስ ወደፊት መራመድ ብቻ ነበር። ሌላ ምን ተጠየቁ? ነዳጅ አያቃጥሉ፣ ጭነት አይሸከሙ።

ሥራዎን በሚሠሩበት ዘመን መኖርዎንም አላውቅም ነበር። ድምፅዎን ያሰሙት ሥራ ካቆሙ በኋላ ነው። ጥርስዎ አልቆ፣ ስፕሪንግዎ ደክሞ ካቴናውን ሲለቁት፣ እሱም መንገድ የሚመራውን ጎማ ለበስ ሐዲድ እየደበደበ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ሲል፣ ያን ጊዜ ዝነኛ ሆኑ። (እኛም ቢሮ እንዲህ ያለ ሰው አለ። ስሙን አልጠራም። ብጠራውም አይሰማኝም፣ ስብሰባ ላይ ነው።)

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይባላል። እኛ ደግሞ ስለ ጅራፍ የሚነገረን ሰዎች አይደለንም፤ ቡሄ በከተማችን ስም ደብረ ታቦር የሚባል በዓል ነውና ለነሐሴ 13 ጩኸት ቅር ብሎን አያውቅም። ነገር ግን የሆያ ሆዬ ልጆች ሙልሙላቸውን ተቀብለው፣ መርቀው ይሄዳሉ። ለእርስዎ ከሙልሙልም በላይ ሰጠንዎ። ወፍራሙን 40 ቁጥር ዘይት አጠጣንዎ። ሁለት ሳምንት ዝም አሉ፤ እኔም ዳኑ ብዬ ተደሰትኩ። ለካ ዘይቱ አፍዎን ሸፍኖት ኖሯል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ጥቅምት ሲገባ ዘይቱ ጠዋት ጠዋት እንደ ማር ይረጋ ጀመር። እኔ መርገጫውን ስረግጥ ሞተሩ «ተኛበት» ይለኛል። ሲነሣም መጀመሪያ የሚነሣው የእርስዎ ድምፅ ነው።

በሽታዎን ያላወቀ ሰው አልነበረም። ጎረቤቴ «ማርሚታው ላልቷል» አለ፤ አስጠበቅኩ። የሥራ ባልደረባዬ «ካንዴላ ነው» አለ፤ ቀየርኩ። የባለቤቴ ወንድም ሞተር ነድቶ አያውቅም፤ ግን «ኩሽኔታ ነው፣ ምንም ጥርጥር የለውም» ብሎ ማለ፤ እሱንም ቀየርኩ። ባልቦላውንም አስተካከልን። እርስዎ ይህን ሁሉ ወጪ እያዩ አንዲት ቀን «ኧረ እኔ ነኝ» አላሉም። መካኒክ ፊት ስቀርብ ደግሞ እንደ ዲያቆን ጨዋ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። እንጀራዬ ላይ ባይመጡ።

ሥራዬ የእንስሳት ጤና ነው። ገበሬዎቹ ዶክተር ይሉኛል፤ አላርማቸውም። የአባ ሰንጋና የአባ ጎርባ ክትባት በበረዶ ሣጥን ጭኜ ማለዳ እወጣለሁ። በመጀመሪያው ዙር ከብቶቹ ድምፅዎን ሰሙ፣ ቀጥሎ መርፌ ተወጉ። በሁለተኛው ዙር ገና ወንዙን ሳልሻገር ጆሯቸውን ቀጥ አድርገው ይጠብቁኛል። በሦስተኛው ዙር አይጠብቁኝም። አንድ ቦራ በሬ አጥር ጥሶ፣ ሁለት ጊደር አስከትሎ ማዶ ለማዶ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። በሬ አይማርም ያለ ሰው ይምጣና ያነጋግረኝ። ባለቤቱ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ቆዩና «ዶክተር፣ ይህን ሞተርህን እዚያ ማዶ አስረኸው በእግርህ ብትመጣስ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሞተር ያለው እግረኛ ሆንኩ። የበረዶ ሣጥኑን በትከሻዬ ይዤ ግማሽ ሰዓት ዳገት እወጣለሁ፤ በሬዎቹም በሰላምታ ይቀበሉኛል።

በመጨረሻ አንድ ልጅ እግር መካኒክ ረጅም ካቻቢቴ አወጣ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ላም ላይ ማዳመጫ የማደርገው ልክ እንደዚሁ ነው። ሲሊንደሩ ጋ ሲደርስ ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ ሰባት ወር እንዲህ እየጮኸ ነድተኸዋል? ካቴናው ጥርስ ቢዘል እኮ ባልቦላና ፒስቶን ይጋጩ ነበር። ለምን ቶሎ አላመጣኸውም?» አለኝ። ይህችን ጥያቄ እኔ በቀን አሥር ጊዜ ነው ገበሬ ላይ የምጮኸው።

ምትክዎን ፍለጋ ከተማውን ዞርኩ፤ ጠፋ። ይገርምዎ እንደሆነ፣ ጋፋት አፍንጫችን ሥር ነው። አፄ ቴዎድሮስ ፈረንጆቹን ሰብስበው 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን እዚያ አስቀልጠው በሰው ጉልበት መቅደላ አድርሰውታል። እኔ ከዚያው አገር ተነሥቼ፣ አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ለመግዛት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ባሕር ዳር ገባሁ። ባለሱቁን «ኦሪጅናል ነው?» ብለው «ኦሪጅናል ኮፒ ነው» አለኝ። አመስግኜ ገዛሁ።

ስለዚህ ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ከሥራዎ የተሰናበቱ መሆኑን በአክብሮት እገልጻለሁ። ያለብዎት ዕዳ አንድ ካንዴላ፣ አንድ ኩሽኔታና ሁለት ሊትር ዘይት ሲሆን፣ የጫማዬን ሶል ትቼልዎታለሁ።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። መካኒኩ ከፈታዎ በኋላ እጥልዎታለሁ ብዬ እጄን ስዘረጋ «ተወው ጋሼ፣ ይጠቅማል» ብሎ በቤንዚን አጠበዎ፣ በጨርቅ ወለወለዎ፣ ስፕሪንግዎን ትንሽ ሳብ ሳብ አድርጎ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠዎ። ሲያብረቀርቁ አዲስ ይመስሉ ነበር።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለቦራው በሬ፤ ማዶ
ለቀጣዩ ባለሞተር፤ ባለበት