ጉርሻ ስንት ግራም ነው?

ማስተርሴን በሥርዓተ ምግብ ስሠራ፣ ለጥናት ወደ ገጠር የወጣሁት ደረቴን ነፍቼ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ የወጥ ቤት ሚዛን፣ ታብሌትና ረጅም መጠይቅ አለ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። እናትየዋ ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ የበላችውን ትጠይቃለህ፣ በግራም ትመዘግባለህ።

የመጀመሪያው ቤት ላይ ተያዝኩ።

«እትዬ፣ ለምሳ ምን በሉ?»

«እንጀራ በሽሮ።»

«ስንት እንጀራ?»

ሳቁብኝ። «ወንድሜ፣ ለስድስት አንድ ትሪ ነው የምንቀርበው። የእኔን ማን ለይቶት!» ቆየት ብለው ደግሞ፣ «ለትንሹ ያጎረስኩትስ ከማን ይቆጠራል?» አሉኝ። ታብሌቱ ላይ ለጉርሻ የሚሆን ቦታ አልነበረም።

መጠይቁ የተዘጋጀው የየራሱ ሳህን ላለው ሰው ነው። አማካሪዎቻችንም ይህን አያጡትም። ግን በጀት የለም፣ ምረቃው ደርሷል። ስለዚህ ትሪውን ለስድስት እኩል እናካፍለዋለን። እናትየዋ መጨረሻ ላይ ቀርባ የተረፈውን ስትጠራርግ እያየን!

እንቁላሉም ያው ነው። «ልጁ ትናንት እንቁላል በልቷል?» ይላል መጠይቁ። አልበላም። ግቢው ውስጥ ግን ዶሮዎች ይጭራሉ። ከመጠይቁ ወጥቼ ለምን ስል፣ እንቁላሉ ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ ዘይትና ጨው ሆኖ ይመለሳል። እኚህ ሴት የጎደላቸው «ግንዛቤ» አይደለም። እኛ ግን ጥናታችንን «ለእናቶች ግንዛቤ ይሰጥ» ብለን እንዘጋለን። እኔም ጽፌዋለሁ፣ ምን ልዋሽ።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው በጣም አጭር የሆኑ፣ ነበሩ። መንግሥት ደግሞ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. አጠፋለሁ ብሏል። ትሪን እኩል አካፍሎ የተገኘ ቁጥር ለዚህ አይበቃም።

እኔ ብጠየቅ፣ ተማሪው መጠይቅ ከመያዙ በፊት ሁለት ሳምንት ጓዳና ገበያ ይዋል። ምግቡ ሲሠራ፣ ሲቀርብ፣ ሲሸጥ ይይ። ምረቃው ይዘገያል ከተባለ ይዘግይ። ሲጨርስ ደግሞ ተመልሶ ሄዶ ያገኘውን ይንገር።

ስሰናበታቸው ሴትየዋ፣ «ያገኘኸውን መጥተህ ትነግረናለህ አይደል?» ብለውኝ ነበር። «እንዴታ!» አልኩ። ጽሑፌ ቤተ መጻሕፍት ከገባ አራት ዓመት ሞላው። እስካሁን አልሄድኩም።