ሰቃዮቹ ሲሰበሰቡ

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያለ አበሻ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን በደንብ ያውቀዋል። ራሱ ባይማርበት ሚስቱ ወይ ልጁ ተምረውበታል። ክፍያው ከዩኒቨርሲቲ ይቀላል፣ የማታ ክፍል አለ፣ ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ይቻላል። እዚያ ውጤቱ 3.5 የገባለት ተማሪ አንድ ቀን ኢሜይል ይደርሰዋል፤ ፋይ ቴታ ካፓ ለሚባለው የጎበዝ ተማሪዎች ማኅበር ተመርጠሃል የሚል። ዝቅ ብሎ የአባልነት ክፍያ ይጠይቃል።

የኛ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚነቃው። «ጎበዝ ነህ ብሎ ብር የሚጠይቅ ደግሞ ምን ዓይነት ሌባ ነው?» አይፈረድበትም፤ በዚህ ስም ሰርተፍኬት የሚቸበችቡ አሉ። ይሄ ግን የምር ነው። በ1918 እ.ኤ.አ. ሚዙሪ ውስጥ ተመሠረተ፤ በ1929 ደግሞ የሁለት ዓመት ኮሌጆች የክብር ማኅበር ተብሎ ታወቀ። ክፍያው ግን ለኔም አይዋጥልኝም። ጎብዞ መክፈል ምንድነው?

አዲስ አባላት የሚገቡበትን ቀን አይቻለሁ። ሻማ ይበራል፣ ቃል ይገባል፣ ነጭ ጽጌረዳ ይሰጣል። አንዷ እናት ነጠላዋን አጣፍታ እልልታዋን ስታቀልጠው ፈረንጆቹ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥሎ አጨበጨቡ።

እኔን የያዘኝ ከሻማው በኋላ ያለው ነው። አገር ቤት ሰቃይ ተማሪ የሚከበረው ሲመረቅ ነው። ሜዳሊያው አንገቱ ላይ ይጠለቃል፣ ፎቶው ሳሎን ይሰቀላል፣ በቃ። እዚህ ገና ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ «ጎበዝ ነህ፣ እንግዲያው ና ሥራ» ይሉታል። ሒሳብ የከበደውን ያስጠናል። ከኮሌጁ አስተዳደር ጋር ቁጭ ብሎ የግቢውን አንድ ችግር መርጦ ይሠራል። ለተቸገሩ ተማሪዎች ፓስታና ቆርቆሮ ምግብ ይሰበስባል።

እኛም አንድ ለአምስት ብለን ሞክረን ነበር። ጎበዙን ሰነፎቹ ላይ መድቦ አስጠና ማለት። ከላይ የወረደ ትእዛዝ ስለሆነ ፎርሙ ተሞላ፣ ጥናቱ የለም፤ ይባስ ብሎ ሰው መሰለያ ነው ተብሎ ታማ። ያለ ትእዛዝ የሚሠራው ግን ነበረን። ሲኒየሮች ለፍሬሾች ያረጀ የፈተና ወረቀት ያወርሳሉ። የግቢ ጉባኤ ልጆች ማታ ማታ ቱቶሪያል ይሰጣሉ። ለዚህ እንደ ማኅበሩ አባላት ደረታቸው ላይ የክብር ፒን ያደረገላቸው የለም፤ ሲቪያቸው ላይ የጻፉትም አላጋጠመኝም። ፈረንጅ ቢሆን ያንን ሁሉ መዝግቦ ስኮላርሺፕ ያመለክትበት ነበር። እውነቱን ለመናገር መመዝገቡ ያዋጣል፤ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ማኅበር አባላት ብቻ የሚሰጡት ስኮላርሺፕ አለ።

የማውቃት አንዲት ልጅ የቻፕተሯ፣ ማለትም ማኅበሩ በኮሌጇ ያለው ቅርንጫፍ፣ ምክትል ፕሬዚዳንት ናት። ሌሊት አረጋውያን ስትንከባከብ ታድራለች። ጠዋት ዩኒፎርሟን ሳትቀይር መጥታ ልጅ ላላቸው ተማሪዎች የተሰበሰበውን ዳይፐር በቁጥር በቁጥሩ ትለያለች። «እንቅልፍሽስ?» ስላት፣ «አውቶቡስ ላይ» አለችኝ። እሷን የሚያበሳጫት እንቅልፍ ማጣቱ አይደለም። ፒኑን አድርገው ፎቶ ተነሥተው የሚጠፉት ናቸው። «ያገራችን ልጆችማ ብሰዋል» አለች፤ «የስኮላርሺፕ ፎርም ሲከፈት ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን ይደውላሉ።»