«ወተትሽን ድፊው» የሚለው ምክር ጥንቃቄ አይደለም

ባለፈው ሳምንት አንዲት የአራት ወር ልጅ የምታጠባ እናት በአንድ የሬዲዮ የጤና ዝግጅት ላይ ደውላ፣ የታመመ መንጋጋዋን ማስነቀል ትችል እንደሆነ ጠየቀች። የዝግጅቱ እንግዳ የሆኑት ባለሙያም ማደንዘዣ መርፌ ከተወጋች በኋላ ለ24 ሰዓት እንዳታጠባና ወተቷን እያለበች እንድትደፋ መከሯት። ምክንያቱን ሲጠየቁ የሰጡት መልስ «ጥንቃቄ ማንንም አይጎዳም» የሚል ነበር።

አይጎዳም? ጡጦ የማያውቅ ሕፃን ሲያለቅስ ማደሩ፣ ወተት ቋጥሮ እንደ ድንጋይ የደነደነ ጡትና ተከትሎት የሚመጣው ትኩሳት፣ በችኮላ በተገዛ የዱቄት ወተትና በደንብ ባልፈላ ውኃ ሰበብ የሚነሣው ተቅማጥ ጉዳት ካልሆኑ፣ ጉዳት የሚባለው ምንድን ነው? ከዚህም የሚከፋው፣ ይህን የሰማች እናት መግል የቋጠረ ጥርሷን ይዛ ልጇን ጡት እስክታስጥል ድረስ መቆየቷ፣ ወይም ያለ ማደንዘዣ ንቀሉልኝ ብላ መለመኗ ነው።

እኒህ ባለሙያ በማዋለጃ ክፍል የሚሆነውን ለአፍታ ቢያስቡ ኖሮ ይህን ባልተናገሩ ነበር። በምጥ የተቀደደች እናት ስትሰፋ የምትወጋው ማደንዘዣ ሊዶኬይን ነው፤ የጥርስ ሐኪሞች አዘውትረው የሚጠቀሙበትም ይኸው መድኃኒት ነው። ልጅሽን በመጀመሪያዋ ሰዓት አጥቢ፣ እንገሩንም እንዳትደፊው የምትባለው ያችው የተሰፋች እናት ናት፤ ይህንንም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዓመታት ቤት ለቤት እየዞሩ አስተምረዋል። በኦፕሬሽን የምትወልደውም ብትሆን ወገቧ ላይ የምትወጋው ቡፒቫኬይን የሊዶኬይን የቅርብ ዘመድ ነው፤ እርሷም ነቅታ ስለምትቆይ ልጇን ታቅፋ ታጠባለች። ጉበቱ ገና ያልጠነከረ የአንድ ሰዓት አራስ ያለ ስጋት የሚጠባውን ወተት፣ የአራት ወሩ ሕፃን እንዳይቀምሰው የሚከለከለው በየትኛው ሕክምና ነው? ማደንዘዣው ከታች ሲወጋ ወተት የማይነካ፣ ድድ ላይ ሲወጋ ግን ወተት የሚመርዝ ሊሆን አይችልም።

የተለካ ነገርም አለ። በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ለጥርስ ሕክምና 2 በመቶ ሊዶኬይን ከ3.6 እስከ 7.2 ሚሊ ሊትር የተወጉ 7 የሚያጠቡ እናቶች ወተታቸው ተመርምሮ ነበር፤ ከ3 ሰዓት በኋላ በአንድ ሊትር ወተት ውስጥ የተገኘው በአማካይ 120 ማይክሮግራም (0.12 ሚሊ ግራም) ገደማ ሲሆን፣ ከ6 ሰዓት በኋላ ወደ ግማሽ ወርዷል። ስድስት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በቀን 900 ሚሊ ሊትር ቢጠባ፣ ወተቱም ቀኑን ሙሉ ያንን ከፍተኛ መጠን እንደያዘ ቢቆይ እንኳ፣ ወደ ሆዱ የሚገባው 0.1 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው፤ እናቱ የምትወጋው አንዱ የ1.8 ሚሊ ሊትር የማደንዘዣ ብልቃጥ ግን 36 ሚሊ ግራም ይይዛል። ከሚውጠውም ላይ አብዛኛውን ጉበት ይሰባብረዋል። ሰባት እናቶች ጥቂት ናቸው የሚለኝ ይኖራል፤ በየማዋለጃው ተሰፍተው ያጠቡትን ግን ማን ቆጥሮ ይጨርሳቸዋል? የዓለም ጤና ድርጅትም ሊዶኬይንን ከጡት ማጥባት ጋር ከሚስማሙ መድኃኒቶች ጋር መድቦታል።

ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም የታመመ ሕፃን የምታጠባ እናት ይህንኑ ለሐኪሟ አስቀድማ መንገር ይገባታል። እንግዳው ግን ሊያስጠነቅቁ ከፈለጉ ሊሉት የሚገባ ሌላ ነገር ነበር፤ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ለሕመም የሚታዘዘውን ትራማዶል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የሚያጠቡ እናቶች ትራማዶልንና ኮዴይን የተባለውን ሌላ የሕመም ማስታገሻ እንዳይወስዱ በ2017 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል፤ በምትኩም ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን አሉ። ስለ ትራማዶል አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ምንም ባላጠፋው መርፌ ላይ መዝመታቸው ያበሳጫል።

የደወለችው እናት ከቤት ከመውጣቷ በፊት ልጇን ጡት ታጥባ፣ ጥርሷን ተነቅላ ስትመለስም ልጇ በራበው ሰዓት ታጥባው። ዝግጅቱም ይህንን በዚያው የአየር ሰዓት ያርምላት።