ጣና ሲሸሽ የሚወጣው መሬት የማነው?

ጣናን ስለወረረው አረም፣ እምቦጭ እምቦጭ ስንል ይኸው ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ አለን፣ በየአመቱ ዘመቻ ይጠራል፣ ገበሬው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ይነቅላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በቃ። ዳሩ ላይ ስላለው መሬት ግን ትንፍሽ የሚል የለም፣ ለኔ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

ከሀይቁ ዳር ያሉትን ፎገራንና ደምቢያን ያየ ሰው ይገባዋል፣ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ሀይቁ መስከረም ላይ ይሞላና እስከ ሰኔ እየወረደ ይሄዳል፣ ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ቢሆን ነው፣ ሜዳው ላይ ግን ውሃው ርቆ ነው የሚሸሸው። ባህር ሸሽ የሚባለው ይሄ ነው፣ ገበሬው ውሃው ጥሎት የሄደውን ጥቁር ጭቃ እግር በእግር እየተከተለ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል፣ ዝናብ ሳይጠብቅ በእርጥበቱ ብቻ ይበቅላል። ሞኝ ነው እንዴ የሚተወው?

ግን ለማረስ ሲባል ደንገሉ፣ ዳር ዳሩን ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ረጅም ተክል፣ ተመነጠረ። ደንገል እኮ ታንኳ መስሪያ ብቻ አይደለም፣ ርብና ጉማራ ወንዞች ይዘውት የሚመጡትን ደለል የሚያስቀር እሱ ነበር፣ አምባዛ የሚባለው አሳም የሚራባው እዛው ዳር ውሃ በተኛበት ሳር ውስጥ ነው። አሁን ደለሉም ከሩዙ ማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያም ቀጥታ ወደ ሀይቁ፣ እምቦጭ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? (ሩዙን አልቃወምም፣ ወረታን ያቆማት እሱ ነው።)

ሁሉንም ገበሬው ላይ መከመር ደሞ ልክ አይደለም። አባይ ከሀይቁ በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ በ1988 የውሃ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሰራ፣ ከ2002 ጀምሮ የጣና በለስ ሀይል ማመንጫ ውሃውን በዋሻ ወስዶ መብራት ያመነጫል፣ ስለዚህ ሀይቁ ምን ያህል እንደሚወርድ የሚወስነው የደምቢያ ገበሬ አይደለም። ዩኔስኮም በ2007 ባዮስፌር ሪዘርቭ (ሰው እየኖረበት ተፈጥሮው የሚጠበቅ ቦታ) ብሎ መዝግቦታል፣ የካርታው መስመር ግን ሞፈር ለያዘው ሰው አይታየውም።

እኔ የምለው፣ ውሃው ሲሞላ የሚደርስበት ላይ ችካል ይተከል፣ ከሱ በታች የተወሰነ ቦታ ማረሻ አይግባበት፣ ደንገሉ ይመለስ፣ ሽምብራውን ለሚያጣው ገበሬ ካሳው ከመብራቱ ገቢ ይቆረጥለት፣ ሳርና ደንገል አጭዶ የመሸጥ መብቱም በወረቀት ይሰጠው። ለእምቦጭ ማሽን ብር ከተገኘ ለዚህም አይጠፋም። ንግግሩ ግን ክረምት ላይ ይጀመር፣ ሽምብራው ከተዘራ በኋላ ማንን ልታስነሱ ነው?