ትንሿ ኬዝ አፏን ይዛለች

የክርክሩ ጉዳይ፦ 17 በ17 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ሚኒ አይቲኤክስ የተባለ ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) የምትይዝ፣ ዋጋዋ ከዝቅተኞቹ ተርታ የሆነ ጥቁር የኮምፒውተር ኬዝ፣ ማለትም የውስጥ ዕቃዎቹ የሚገጠሙባት ሣጥን። ፊቷ ድፍን ፕላስቲክ፣ አንድ ጎኗ መስታወት ነው፤ ማብሪያዋና የዩኤስቢ መሰኪያዎቿ አናቷ ላይ ናቸው። አንደኛዋ ጸሐፊ መልኳን ይደግፋሉ፤ ሁለተኛው ይቃወማሉ።

ደጋፊ፦ ርካሽ ኬዝ የሚያሳብቅበት ጌጡ ነው፤ ቀይ መስመር፣ የውሸት ቀዳዳ፣ ጋሻ የመሰለ ማዕዘን። ይህቺ ግን አፏን ይዛለች። ፊቷ ላይ ዓርማ እንኳ የለም። ትልቅ ኬዝ ከጠረጴዛ ሥር ይደበቃል፤ ትንሿ ከስክሪኑ ጎን ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ዓይን ለዓይን ስለምንተያይ መልኳ ቅንጦት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 አፕል አሳላፊውን ሰማያዊ አይማክ ሲያወጣ አብዛኛው ኮምፒውተር ክሬም ቀለም የተቀባ ሣጥን ነበር። ሰው ወደ አዲሱ የዞረው ፍጥነቱን ለክቶ ብቻ አይመስለኝም።

ተቃዋሚ፦ እህቴ «አፏን ይዛለች» አሉ። ችግሩም እርሱ ነው፤ አፏን ይዛ እንዴት ትተንፍስ? አየር የሚገባው ከፊት ክዳኗ ግራና ቀኝ ባለው፣ ጣት በማያስገባ ክፍተት ነው። ስስ ወረቀት ቀድጄ የማቀዝቀዣው ፋን እየዞረ አስጠጋሁበት። ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ በቃ። ክዳኑን ነቅዬ ያንኑ ወረቀት ሳስጠጋ ተስቦ የፋኑ መከለያ ላይ ተለጠፈ። ክዳኑ ራሱ ደግሞ የተወለወለ ብረት ለመምሰል የተጫጫረ ፕላስቲክ ነው። በጥፍር ሲያንኳኩት ባዶ ጣሳ ይመስላል። ጌጥ የላትም ያሉት ይህን ሳያዩ ነው። ስለ አፕል ካነሳንም፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ያለ ፋን የሚሠራው ውብ ጂ4 ኪዩብ ኮምፒውተር በዓመቱ ምርቱ ቆሟል።

ደጋፊ፦ የኪዩቡ መነሻ ዋጋ 1,799 ዶላር ነበር፤ ውበቱን ከመክሰስዎ በፊት ዋጋውን ይጠይቁ። ወረቀትዎን አምናለሁ። ነገር ግን ማን ምን ሊጭንባት ነው? 65 ዋት የሆነ፣ ብዙ የማይሞቅ ፕሮሰሰር (ስሌቱን የሚሠራው ክፍል) ብቻዋን ተሸክማ ለጽሕፈትና ለፊልም የምትውል ከሆነ ያ ክፍተት ይበቃታል። ወንፊት ፊት ያላቸው ኬዞች አየር እንደሚያስገቡ ሁሉ የፋኑን ጩኸትም ያስወጣሉ። ከጆሮዬ ክንድ በማይርቅ ቦታ ለሚቀመጥ ዕቃ ድፍን ፊትን እመርጣለሁ።

ተቃዋሚ፦ እንግዲያው መስታወቱ ለምን? ለጽሕፈት የምትውል ኬዝ ውስጧን ለማን ታሳያለች? 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ለመስታወቱ የወጣው ገንዘብ ከብረቱ ላይ ተቀንሷል፤ አናቷን በአውራ ጣት ስጫናት ሰርጎድ ብላ ትመለሳለች። በዚያ ጎን ቀዳዳ ያለው ተራ ቆርቆሮ ቢሆን ኖሮ፣ ነገ ግራፊክስ ካርድ (ምስል የሚያቀናብር፣ ብዙ የሚሞቅ ክፍል) የሚጨምር ሰው ካርዱ በቀጥታ ከውጭ አየር ይስብለት ነበር። ወደ ሰማይ የተከፈቱት የዩኤስቢ መሰኪያዎችም የአቧራ ጎተራ ናቸው።

ደጋፊ፦ መስታወቱን ለቅቄያለሁ፤ ለዚህ ዋጋ አይገባም ነበር። የዩኤስቢውንም ነገር ወደ ፊት ቢያወርዱት አልከፋም። ማብሪያውን ግን አልሰጥም፤ ጠረጴዛ ላይ ላለ ኬዝ እጅ በራሱ የሚያርፈው አናት ላይ ነው፤ ሲጫኑትም ሳይወላገድ አንዴ ቀጭ ይላል። በርካሽ ኬዝ ላይ ይህን ማግኘት ቀላል አይደለም። አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል፤ ወረቀቱ ከተለጠፈ በኋላ የነቀሉትን ክዳን መልሰው ገጥመውታል። ለምን?

ተቃዋሚ፦ ያለ ክዳን አስቀያሚ ስለሆነች።