ለወይዘሮ መዥገር፣ ባሉበት
ጉዳዩ፦ የጎልያድን ጆሮ ስለመልቀቅ

ክብርት ወይዘሮ፣

እንዴት ከርመዋል? ደግ እንደከረሙ አይቻለሁ። ትናንት ማታ በባትሪ ሳበራብዎ ሽምብራ አክለው፣ ቆዳዎ ተወጥሮ፣ የውሻዬ ግራ ጆሮ ውስጥ ተንደላቀው ነበር። አጠገብዎ አንድ ቀጭን ቡናማ ነገር ተለጥፏል። ባለቤትዎ ይመስሉኛል። መጀመሪያ «ክቡር አቶ» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ እንዲህ የምታብጠው ሴቷ መሆኗ ሲገባኝ ሰረዝኩት።

አንቱታው ግን ከዚህ በላይ አይወጣልኝም። አንቺ ልበልሽ።

ጎልያድ ትልቅ ውሻ ነው። ጣጣው ሁሉ የመጣው «ትልቅ» ከምትለው ቃል ነው። የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ «የመዥገር መድኃኒት፣ ለትልቅ ውሻ» አልኩ። «ስንት ኪሎ ነው?» «ኧረ በጣም ትልቅ ነው!» እጄን እስከ ወገቤ አንስቼ አሳየሁት። ሰውዬውም አላወላወለም፣ ከ20 እስከ 40 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ የሚሆነውን የፊፕሮኒል ጠብታ ሰጠኝ። ቤት ገብቼ ማጅራቱ ላይ ጸጉሩን ከፈል አድርጌ አፈሰስኩለት። በማግስቱ እሁድ ነበር፣ ሐዋሳ ደግሞ እንደምታውቂው በፀሐይ ቀልድ የላትም፣ ጎልያድም ሐይቅ ሲያይ ልቡ ይጠፋል፣ ብቻ ምን አለፋሽ፣ እስከ አንገቱ ገብቶ ሲንቦጫረቅ ዋለ።

ወረቀቱን ያነበብኩት ስንመለስ ነው። ከተቀባ በኋላ 2 ቀን ውኃ እንዳይነካው ይላል። ለዓሣም መርዝ ነው ይላል። ቆሮሶና አምባዛን በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንቺ በሳምንቱ ጆሮው ላይ ነበርሽ።

ያኔ ነው ላስመዝነው የቆረጥኩት። ፒያሳ መንገድ ዳር የሰው ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ አለ። መጀመሪያ ብቻዬን ወጣሁ፣ 71። ቀጥሎ ጎልያድን አቅፌ ወጣሁ። ባጃጆች ቆሙ። አንዱ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ «ወንድም፣ እሱ ይሸከምህ እንጂ!» አለኝ። የፊት እግሮቹ ትከሻዬ ላይ ናቸው፣ ምላሱ አይኔ ውስጥ ነው፣ ቁጥሩ እኔ አይታየኝም። ልጁ ጎንበስ ብሎ «116» አለና ጨመረበት፤ «ጋሼ፣ የሁለት ሰው ነው የምትከፍለው።» ከፈልኩ። ምን እላለሁ?

45 ኪሎ! ከ40 እስከ 60 ኪሎ ያለው ውሻ 4.02 ሚሊ ሊትር ነው የሚገባው። እኔ የሰጠሁት 2.68 ነው። ሲሶውን ለአንቺ ምሬልሻለሁ ማለት ነው፣ የቀረውን ደግሞ ሐይቁ ወሰደው።

ሰፈሩም ከአንቺ ጋር ሳይመክር አልቀረም። እትዬ «ላምባ ቀባው» አሉኝ። ሌላው ለበሬ የሚረጨውን ካልሰጠሁህ ብሎ ያዘኝ። ውሻ የቀባሽውን ሁሉ እንደሚልስ ማን ይንገረው? ፐርሜትሪን ያለበት ጠብታም ተገኝቶልኝ ነበር፤ ለውሻ ምንም አይልም፣ ድመትን ግን ይገድላል። የእኛ ድመት ደግሞ የምትተኛው ጎልያድ ሆድ ላይ ነው። እስከ 8 ወር የሚሠራ የአንገት ማሰሪያም አለ። ጎልያድ ያሰርኩለትን ሁሉ የሚበላ ባይሆን ኖሮ እሱኑ እመርጥ ነበር።

በመጨረሻ ሐኪሙ ጋ ወሰድኩት። የሚጥል በሽታ ይዞት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። አያውቅም። ከ40 ኪሎ በላይ ላለው የሚሆነውን የፍሉራላነር እንክብል አዘዘልኝ። ከምግብ ጋር ነው የሚሰጠው፣ ወደ 12 ሳምንት ይቆያል። ጥብስ ውስጥ ደብቄ አጎረስኩት፤ ሳያላምጥ ዋጠው። እንግዲህ መድኃኒቱ ያለው ደሙ ውስጥ ነው። ካልነከስሽው አይነካሽም። ከዚህ በላይ ፍትሕ ከየት ይምጣ?

አውቃለሁ፣ አትቸኩዪም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ እኛ በሁለተኛው ሳምንት ክትፎ በሕልማችን እናያለን። አንቺ ለወራት ሳትቀምሺ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ትቀመጫለሽ። ከጠገብሽ ደግሞ እዚያው ወርደሽ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥያለሽ። ጫጩቶችሽ 6 እግር ይዘው ይወጡና 8 የሚሞላላቸው በኋላ፣ የእኔን ውሻ ከበሉ ወዲያ ነው። ደም ብቻ ጠጥተሽ ብትሄጂ እንኳ ባልከፋ። ግን ባቤሲያ፣ ኤርሊኪያ እያልሽ በሽታ ትተሽ ትሄጃለሽ።

ስለዚህ የጎልያድን ጆንያ አቃጥያለሁ፣ ስንጥቁንም በሲሚንቶ ደፍኛለሁ። ጆሮው ላይ የነበርሽውንም በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዤ፣ ሳልጠመዝዝ፣ ቀጥ አድርጌ ስቤሻለሁ። ይህን ደብዳቤ የምታነቢው ክዳን ያለው ብልቃጥ ውስጥ ሆነሽ ነው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአቶ ቁንጫ፦ ብዙው ቤተሰብህ ውሻው ላይ ሳይሆን ምንጣፌ ውስጥ እንዳለ ደርሼበታለሁ። ተራህን ጠብቅ።
ለሚዛኑ ልጅ፦ ቀጣዩ እንክብል ሲደርስ እንመጣለን። የሁለት ሰው ሂሳብ ይዣለሁ።